የጉዲቱ ጊንጥ

«አዴ ዘውድነሽ፣ ጊንጥ ነው! ድንጋይ ውስጥ የተኛ ጊንጥ!» ትላለች ጉዲቱ፣ ሁለት እጇን እንደ ሳህን ዘርግታ ከጉድጓዱ እየወጣች።

ቀና አልልላትም። ቢላዬን በነጩ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እየሰደድኩ ነው። ይኼ ድንጋይ ንብርብር ነው፤ ቀስ ብለው ካልገለጡት እሺ አይልም።

ከናዝሬት ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ነጭ አፈር መቆፈሪያ የድንጋይ ዓሣ መልቀም የጀመርኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ሴቶች አፈሩን በጆንያ እየሞሉ ለማኅበሩ ያስረክባሉ፤ ዓሣ የታተመበት ሲያጋጥማቸው በአካፋ ያደቅቁት ነበር። «ተዉ እናንተ፣ የጥፋት ውሃ ትራፊ ነው!» ብዬ የጮኽኩባቸው እኔ። ዛሬ አልጋዬ ሥር በጭድ ላይ የተኛውን ዓሣ የቀበሌያችን ሕዝብ አያክለውም።

ጉዲቱ ከደራ መጥታ ቁፋሮ የጀመረችው ለፋሲካ ነው። ገና ግንቦት እንኳ አልወጣም።

ከአዲስ አበባ የመጣው የድንጋይ ሐኪም (ስሙስ ሰብስቤ ነው፣ ሐኪም ያልኩት እኔ ነኝ) ጠዋት ዓሣዎቼን አንድ በአንድ አገላብጦ «ጥሩ ናቸው፣ እናቴ» ብሎኛል። ጥሩ! ጥሩማ ሽሮም ጥሩ ነው። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ከዚህ የሚወስደው አንድ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ከድንጋዩ ሥር ያገኘው ሰው ስም ይጻፋል። ፊደል አልቆጠርኩም። ቢሆንም ስሜ አዲስ አበባ ተለጥፎ፣ የተማረ ሰው ቆሞ «ዘውድነሽ» ብሎ እንዲያነበው እፈልጋለሁ። ምን ይደረግ፣ እፈልጋለሁ።

ሰብስቤ ወደ ጉዲቱ እጅ ጎንበስ ይላል። ከዚያ ባርኔጣውን ያወልቃል። ለእኔ ዓሣዎች አላወለቀም።

«በሌላ አገር የባሕር ጊንጥ የሚሉት አለ» ይላል። «በጥንት ዘመን ውሃ ውስጥ የኖረ፣ አንዳንዱ ሰው የሚያክል። ድንጋዩ ሲገኝ ብርቅ ነው። ይኼ እሱ ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ብቻ በአገራችን እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። የምወስደው ይኼን ነው። ቀስ አድርጋችሁ ያዙት፣ ከመኪናው ጥጥና ሣጥን ላምጣ።»

እየሮጠ ይሄዳል። ሴቶቹ አካፋቸውን ጥለው ይከቡናል።

«እይ እንግዲህ ዕድል!» ትላለች ወርቄ፣ ምላሷ የማያርፍላት። «እማማ ዘውድነሽ ዓሣ ሲለቅሙ ስንት ክረምት አለፈባቸው፤ ጊንጡ ለጉዲቱ!»

«ምን ይገርማል፣ ጊንጥ ዘመዱን ያውቃል» እላለሁ።

ሁሉም ይስቃሉ። ጉዲቱ ከሁሉም አብልጣ ትስቃለች፣ ጥርሷ እስኪያልቅ። ብትቀየም ምን ነበረበት? ብትቀየም ይሻለኝ ነበር።

ስቃ ስትጨርስ ድንጋዩን መዳፌ ላይ ታስቀምጠዋለች።

«አዴ፣ ይመርቁልኝ። መንገደኛ ነው። ዓይን እንዳይሰብረው እንትፍ ይበሉበት።»

በእነጉዲቱም አገር በእኛም ወግ ነው። አዲስ የተወለደ፣ አዲስ የተገዛ፣ ሩቅ የሚሄድ ነገር ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ሰው ምራቅ ይባረካል። እንቢ ያለ፣ ዓይኔ አርፎበታል ማለቱ ነው። ወርቄ አፍ አፌን ታየኛለች። መንገድ ላይ ቢሰበር የማን ዓይን እንደሚባል ታውቀዋለች፤ እኔም አውቀዋለሁ።

ከእነሱ አንዳቸውም የማያውቁትን ግን እኔ አውቃለሁ። ይኼ ድንጋይ እርጥበት አይችልም። የመጀመሪያውን ዓሣዬን ላሳምረው ብዬ ውሃ ውስጥ ብነክረው፣ ዓይኔ እያየ ሊጥ ሆኖ ቀርቷል። ለጊንጡ ውሃም አያሻውም፤ አፍ ሙሉ ምራቅ ይበቃዋል። ማን ምን ይለኛል? «አሜን» ነው የሚሉኝ። ጉዲቱ ጉልበቴን ትስማለች። ሰብስቤም ሣጥኑን ይዞ ሲመለስ ወደ ዓሣዎቼ ነው የሚዞረው።

ምራቄ አፌን ይሞላል። ጎንበስ እላለሁ።

ጎንበስ ስል ነው ደህና አድርጌ የማየው። ቆንጥጦ የሚይዝበት ሁለት እጁ ወደ ፊት ተዘርግቷል። እግሮቹ ከጎንና ጎኑ እንደ ማበጠሪያ ተሰድረዋል። ጅራቱ በቀጭን ብዕር የተሣለ ይመስላል፤ እያንዳንዷ አንጓ አለች፣ ጫፉ ላይ ያለችው መንደፊያ እንኳ አልጎደለችም። ያንን ሁሉ ዘመን፣ ያንን ሁሉ አፈር ተሸክሞ፣ አንዲት እግር አልጎደለችውም።

ክፉ ነኝ እንጂ ዕውር አይደለሁም።

ምራቄን እውጠዋለሁ። እንደ ኮሶ እየጎመዘዘኝ ይወርዳል። በደረቅ ከንፈሬ «እንትፍ፣ እንትፍ» እላለሁ፤ ድምፁ ብቻ ይወጣል። «በሰላም ግባ» እለዋለሁ፣ ድንጋዩን።

«አሜን!» ይላሉ ሴቶቹ። ጉዲቱ ትከሻዬን ትስመኛለች።

ሰብስቤ እያለከለከ ይደርሳል። ጊንጡን ከመዳፌ በጥጥ ያነሣና እንደ ጨቅላ ሣጥኑ ውስጥ ያስተኛዋል።

«ሙሉ ስምሽ?» ይላታል።

«ጉዲቱ ወዬሳ።»

ሲጽፈው አየዋለሁ። አጭር ስም ነው፣ ቶሎ አለቀ። ከዚያ ሁሉም ሣጥኑን ተከትለው ወደ መኪናው ይነጉዳሉ፤ ወርቄ እልል እያለች፣ ጉዲቱ መሐል ሆና።

እጄን እንደዘረጋሁ ቀርቻለሁ። መዳፌ ላይ ድንጋዩ የተወው ነጭ ዱቄት አለ። ወደ ዓይኔ አስጠጋዋለሁ፣ ወደ ፀሐይ አዘነብለዋለሁ፣ ምናልባት አንዲት እግር፣ ምናልባት የጅራቱ ጫፍ ታትሞ እንደሆን። ዱቄት ብቻ ነው።