ምት የሳተችው ልጅ

ይርገዱ ታክሲ ውስጥ ገና ከመቀመጧ ሾፌሩ በመስታወቱ አያትና በፍቅር ፈገግ አለ። “ጭብጨባው ዛሬስ ተስተካከለልሽ?”

ለምዳዋለች። ዘንድሮ ዘፈን የሚወጣው ዘፋኙ ከሰጠው ትዝታ ጋር ነው፤ ዘፋኙ ባሏ ናሁሰናይም ለዘፈኑ የሰጠው ከእሷ ጋር መጀመሪያ የተያዩበትን ቀን ነበር። ዘፈኑን የሰማ ሁሉ ቢጫ ሹራብ የለበሰችውን፣ አዝማቹ ላይ ምት ስታ ልምምዱን ያበላሸችውን ተቀባይ በዓይኑ ያየ ያህል ያስታውሳታል። ትዝታውን የሰጠ ሰው ግን ራሱ ያጣዋል። በአገሩ ያን ቀን የማያስታውስ ቢኖር ናሁሰናይ ነው።

ቤት ስትገባ ሽንኩርት እየከተፈ አገኘችው።

“እኔ የምልሽ ይርጌ፣ እንዴት ነበር የተዋወቅነው?”

“ስንቴ ልንገርህ?”

“ስትነግሪኝ የሰው ወሬ ይሆንብኛል። አይታየኝም።”

መናገሩን ተወችና በሩ ላይ እንደቆመች ማጨብጨብ ጀመረች፤ ሦስተኛዋ ላይ ሳተች። ናሁሰናይ ፊቱን አጨማደደ። ደገመች፤ አሁንም ሳተች። ይሄኔ ቢላዋውን አስቀምጦ ሽንኩርት ሽንኩርት በሚሸቱ እጆቹ እጆቿን ያዘ።

“እንዲህ እኮ ነው የኔ እመቤት፣ ቀስ በይ” አላት፤ ልክ እንደዚያን ቀን።

ዘፈኑ የማያውቀው፣ አገሩም ያልሰማው አንድ ነገር ነበር። የይርገዱ አባት የሠርግ ከበሮ መቺ ነበሩ፤ እሷም መሄድ ሳትችል ነው ማጨብጨብ የቻለችው። በዕድሜዋ ሳትፈልግ ምት ስታ አታውቅም።

“ለካ እውነትም ይከብድሻል!” አለ እየሳቀ።

“በጣም” አለችና እንደገና ሳተች።