ጠላቂው የታሰረበት ገመድ

ከግራና ከተማ በላይ ያለው ግድብ በሩ አልከፈት ካለ ሁለት ሳምንት ሆነው። ሽንኩርቱ ጠወለገ። በሩን ከውሃው በታች ገብቶ የሚያይ ጠላቂ ይምጣልን ተባለና ኪሩቤል የሚባል ወጣት መጣ።

"ብቻዬን አልገባም፤" አለ ገና ከመኪናው ሲወርድ። ገመድ የሚይዝለት ባልደረባው ሆዱን አሞት ውርጌሳ ላይ ቀርቷል። "ገመዴን የሚይዝልኝ ሰው ስጡኝ። ወሬ የማያበዛ።"

ሰው ሁሉ ዞሮ ጀብሪልን አየ። ሽማግሌው ጀብሪል የራሳቸው ልጅ ሠርግ ላይ እንኳ "አሚን" ብቻ ብለው የተቀመጡ ሰው ናቸው።

ኪሩቤል የገመዱን አንድ ጫፍ ወገቡ ላይ አሰረ፤ ሌላውን ለሳቸው ሰጠ።

"አባባ፣ አንድ ጊዜ ሲጎትቱ 'ደህና ነህ ወይ?' ማለት ነው። አንድ ከመለስኩልዎ ደህና ነኝ። አራት ጊዜ ከጎተትኩ ግን ያውጡኝ። ምንም ቢመጣ እንዳይለቁት።"

"አማና ነው፣ አደራ፤" አሉ ጀብሪል።

"ከሁሉ የሚከፋው በሩ ነው። እኔ ታች ሳለሁ ከተከፈተ ውሃው ስቦ ቱቦው አፍ ላይ ይለጥፈኛል። አሥር ሰው አያላቅቀኝም።"

ስለዚህ አስቀድሞ ማዶ ሄዶ የበሩን መዘውር በሰንሰለት ቆልፎ ነበር፤ ቁልፉን በሽማግሌው አንገት ላይ አንጠለጠለው።

ይህን ጊዜ ብርሃኑ ደረሰ። ብርሃኑ የመርሳ ከተማ መካኒክ ነው፤ ከግድቡ በታች መሬት ተከራይቶ ሽንኩርት ተክሏል። ከጀብሪል ጋር በውሃ ተራ ተጣልተው ከተኳረፉ ሁለት ክረምት አልፏል። ትከሻው ላይ ትልቅ መዶሻ አለ።

"አንተ ልጅ፣ ለዚያ ሽማግሌ ንገረው፤" አለ። ጀብሪል ሁለት እርምጃ ርቀው ቆመዋል። "የኔ ሽንኩርት ሰንሰለት አይጠብቅም በለው።"

"ለዚያ ሰውዬ ንገረው፤" አሉ ጀብሪል። "ሰው ከሽንኩርት ይበልጣል በለው።"

"እኔ የመጣሁት ለመጥለቅ ነው እንጂ ላስታርቅ አይደለም፤" አለ ኪሩቤል። መነጽሩን አጠለቀና ገባ።

ብርሃኑ መዶሻውን እንደተሸከመ ግድቡን ዞሮ ወደ ማዶ ሄደ። ማዶው አይታይም፤ ውሃው መካከል የቆመው የድንጋይ ማማ ይጋርደዋል። የበሩ መዘውር ያለውም በዚያው በማዶ በኩል ነው።

ተመልካቹ ጥቂት አረፋ አየና ሰለቸው። ወደየእርሻው ተበተነ። ከጀብሪል ጋር የቀረው ጎረቤታቸው ሙጃሂድ ብቻ ነው።

ጀብሪል አንድ ጊዜ ጎተቱ። ገመዱ አንድ መለሰ። ቆየት ብለው ደገሙ፤ አንድ መለሰ። ቀለል ያለ፣ የጨዋ ልጅ አጎታተት።

ከዚያ ዝም አለ። ጎተቱ፤ የለም። ጎተቱ፤ የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጎትቱ መልሱ መጣ፤ ግን ክንድ የሚነቅል ነበር።

ሚስታቸው ረሂማ ምሳ ይዛ ደረሰች። "ምነው፣ ፊትዎ ጠቆረ?"

"ልጁ ከበደ።"

"ውሃ ውስጥ ምን አግኝቶ በላ?"

ጀብሪል አልሳቁም። ለመሞከር ሁለት ጊዜ ጎተቱ። ሁለት ተመለሰ። ሁለት ምን ማለት እንደሆነ አልተማሩም። ሦስት ጎተቱ። ሦስት መጣ፤ ያውም በቁጣ።

"ሥራ ላይ ያለ ሰው እየነዘነዙት እኮ ነው፤" አለች ረሂማ።

ከማማው ኋላ የሰው ማቃሰት ተሰማ። "እህ! እህ!"

"የብርሃኑ ድምፅ ነው!" አለ ሙጃሂድ። "እንዲህ የሚያቃስተው መዘውር የሚያዞር ሰው ነው፤ ወላሂ!"

ጀብሪል አንገታቸውን ዳሰሱ። ቁልፉ አለ። ግን መዶሻ ቁልፍ አይጠይቅም።

"ረሂማ፣ ቦዩን እይው። ውሃ መጣ?"

"ደረቅ ነው።"

"ገና አልደረሰም ማለት ነው።"

ጀብሪል አራት ጊዜ ጎተቱ። ላውጣህ ወይ ማለታቸው ነው።

አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

"ያ ረቢ! አውጡኝ አለ!"

ጀብሪል ገመዱን ክንዳቸው ላይ ጠምጥመው ሳቡ። ገመዱም መልሶ ሳባቸው። የእግራቸው ጣት ውሃው ውስጥ ገባ።

"በሩ እየዋጠው ነው!" ጮኸ ሙጃሂድ። የሽማግሌውን ወገብ ያዘ። ረሂማ ምሳውን መሬት ላይ ጥላ የሙጃሂድን ወገብ ያዘች። ከእርሻ ሦስት ሰዎች ሮጠው መጥተው ከኋላ ተቀጠሉ።

"ብርሃኑ!" ጀብሪል ሁለት ክረምት ያልጠሩትን ስም ጠሩ። "ብርሃኑ፣ ስለ ማርያምህ ዝጋው! የውሃ ተራዬን ውሰደው! ሽንኩርቴንም ውሰደው! የሰው ልጅ አታስበላኝ!"

ከማዶ ማቃሰት እንጂ መልስ አልመጣም።

"ጨካኝ!" አለች ረሂማ። "ስንትና ስንት ዓመት ያበላሁት ሰው!"

"በሉ፣ አንድ ላይ!" አሉ ጀብሪል። በዕድሜያቸው እንዲህ ብዙ ተናግረው አያውቁም። "ቢስሚላህ! ሆ!"

ገመዱ ድንገት ላላ። ስድስቱም ጭቃው ላይ በጀርባቸው ተዘረሩ። ከማማው ኋላ አንድ ከባድ ነገር ውሃ ላይ ቧ ብሎ ወደቀ።

ጀብሪል ወድቀውም ገመዱን አልለቀቁም። በተንበረከኩበት እየሳቡ፣ እንባቸው በጢማቸው እየወረደ፣ "አይዞህ ልጄ፣ አልለቅህም፤" ይላሉ። ገመዱ ከብዶ፣ እየተንፈራገጠ ይመጣል።

ከኋላቸው አንድ ሰው ጎንበስ አለ። ብርቱካን ይልጣል፤ ጸጉሩ ውሃ ያንጠባጥባል።

"አባባ፣" አለ ኪሩቤል፣ "በማዶ ወጥቼ 'ሲጎተት ይመልሱ፣ እንዳይለቁት' ብዬ ገመዱን ያስያዝኳቸውን አቶ ብርሃኑን፣ ምን አድርገውዎት ነው ውሃ ውስጥ የከተቷቸው?"