ፀሐይ በጫማ ካርቶን

ጥላዬ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ሁለቴም እንቢ ተብሏል። የገነት አባት አቶ ደምሴ ምክንያታቸውን አልደበቁም። «በካርቶን የሚጫወት ሰው ልጄን ምን ሊያበላት ነው?»

በ2012 ሰኔ፣ ፀሐይ በጨረቃ ተጋርዳ ደብረ ታቦር ላይ ቀለበት መስላ እንደምትታይ ሲወራ፣ አቶ ደምሴ መልእክት ላኩበት። «ካርቶኑ ፀሐይን ካሳየኝ እንነጋገራለን።»

ጥላዬ ሦስት ቀን ሠራ። የጫማ ካርቶን አንድ ጫፍ ላይ የሲጋራ ብርማ ወረቀት፣ ሌላው ጫፍ ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፈ፤ ጎኑ ላይ ማያ መስኮት ቆረጠ። ብርሃን ብርማው ላይ በመርፌ በተወጋች ቀዳዳ ገብቶ ነጩ ላይ የፀሐይን ምስል ይጥላል። የቀዳዳዋን ቦታ በማስመሪያ ለካ፣ ተጠራጠረ፣ ብርማውን ቀየረ፣ እንደገና ለካ። ብርማውን ሦስት ጊዜ ቀየረው።

እሑድ ጠዋት አቶ ደምሴ ግቢ ውስጥ ሁሉም ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ቆሙ።

«እስቲ ቀድመህ አንተ እይ» አሉት ጎረቤትየው አቶ ሙላቴ።

«ኧረ አባባ ሳያዩ» አለ ጥላዬ።

አቶ ደምሴ ዓይናቸውን መስኮቱ ላይ ለጠፉ። ቆዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቀለበት ናት» አሉ። «ያውም የወርቅ።»

ጥላዬ ሰዓቱን አየ። በስሌቱ ቀለበት ለመሆን ገና አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀራት ነበር። ስሌቱን ተጠራጠረ።

አቶ ሙላቴ ካርቶኑን ተቀበሉ። «እውነትም። ዙሪያዋ ጥርት ብሏል።»

የገነት እናት ወይዘሮ ዓለሚቱ አጎንብሰው አዩ። «ጨለማ ነው» አሉ።

«ዓይንሽ ነዋ» አሉ አቶ ደምሴ።

«ዓይኔ ምን ሆነ? ትናንት ከምስሩ ጠጠር የለቀምኩት በምኔ ነው?»

«ለዚህ ነው ጥርሴ የተሸረፈው። ማክሰኞ ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ፤ ሞራ ሳይሆን አይቀርም።»

ወይዘሮ ዓለሚቱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ደግመው አዩ። ጥላዬ አዘነላቸው።

የቀረችው ገነት ነበረች። ከሁሉም በላይ ቆየች። ቀና ብላ መጀመሪያ አባቷን፣ ቀጥሎ ጥላዬን አየች።

«ቀለበት ናት፣ አባባ» አለች።

ጥላዬ ተራው ሊደርሰው ሲል ደመና ከጉና ተራራ በኩል መጥቶ ፀሐይን ሸፈናት። አቶ ደምሴ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ሽማግሌዎችህን ቅዳሜ ላክ።»

ገነት ካርቶኑን ስታስረክበው ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «እማዬን ሐኪም ቤት ሳይወስዷት፣ ይሄን ብርማ በመርፌ ብሳው።»