ሣሩን የረገጠው

የመናፈሻው ኃላፊ ሣሩን እንደ ሳሎን ምንጣፍ ነበር የሚያየው፤ እንግዳ እንዲያደንቀው እንጂ እንዲቀመጥበት አይፈልግም። ስለዚህ አንድ ማለዳ መሃሉ ላይ ቀጭን የእግር መንገድ ተሰምሮ ሲያይ ደሙ ፈላ። አንዱ ጫፍ ትልቁ ዛፍ ሥር ነው፤ ሌላው የአበባው አጥር ውስጥ ይጠፋል።

ጥፋተኛ ለማግኘት ብዙ አልደከመም። ጠዋት ጠዋት የሠፈሩ እናቶች መናፈሻው ውስጥ በነጻ ስፖርት ይሠራሉ። የሚያሠሯቸው ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ከአንገታቸው ፊሽካ ስለማይጠፋ «እማማ ፊሽካ» ይባላሉ።

«እማማ፣ ሣሬን ጨረሳችሁት እኮ።»

«በሬ መሰልንህ እንዴ ልጄ? እኛ የምንዘለው ሲሚንቶው ላይ ነው።»

«እጅ ከፍንጅ ስይዛችሁ ፕሮግራሙን እዘጋዋለሁ።»

«ተው እንጂ፤ ግማሾቻችን ስኳር አለብን። ተንቀሳቀሱ ያለን ሐኪም ነው።»

«ቤታችሁ ተንቀሳቀሱ።»

ሣር ምን እንደሚገድለው ግን ኃላፊው አያውቅም፤ የተሾመው ለወንበሩ እንጂ ለሣሩ አልነበረም። ሣር አንድ ቀን መቶ ሰው ቢጨፍርበት ሰንብቶ ቀና ይላል። የሚገድለው በየቀኑ እዚያው ላይ የሚያርፍ ጫማ ነው፤ አፈሩ ይጠቀጠቅና ሥሩ ትንፋሽ ያጣል።

ኃላፊው ማድባት ጀመረ። ጠዋት ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ወርወር ያደርግና፣ እንዳያዩት በአቋራጭ ሄዶ ዛፉ ጀርባ ይቆማል። «ማጨስ ክልክል ነው» የሚለውን ማስታወቂያ ካሰቀለ ጀምሮ ሲጋራውን ተደብቆ የሚያጨሰው እዚያ ስለሆነ ቦታውን ለምዶታል። እናቶቹ ሲሚንቶው ላይ ይዘላሉ፤ ሣር የሚረግጥ የለም። ተመልሶ ሻይ ይጠጣል፤ ደግሞ ይሄዳል።

መንገዱ እየሰፋ መጣ።

«ዞር ስልላቸው ጠብቀው ነው የሚረግጡት» አለው ዘበኛውን። «ስኳር ያለበት ሰው እንዲህ ተንኮለኛ ነው?»

በመጨረሻ በሩን አስቆለፈ። እናቶቹ ጥቂት ቀን መኪና በሚበርበት አስፋልት ዳር ሞከሩ። አንዷን ሞተር ብስክሌት ለጥቂት ሳታት፤ ከዚያ በኋላ ፊሽካው ዝም አለ።

ዝናብ ጣለ። ባዶው መናፈሻ ውስጥ ሣሩ ጉልበት ደረሰ። ኃላፊው ግን አላመናቸውም፤ አጥር ዘለው ይገቡ ይሆናል ብሎ ጠዋትም ከሰዓትም ማድባቱን ቀጠለ። መንገዱ ይባስ ብሎ እንደ ራሰ በራ አበራ።

አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀ። የሚገቡበትን ቀዳዳ ሊደርስበት ከዛፉ ሥር ተነሣና ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ተከተለው። የአበባው አጥር ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ በለመደው ክፍተት ሾለከ።

ቀና ሲል የቆመው የገዛ ቢሮው ደረጃ ላይ ነው።