የሦስት ሰዓት ክኒን

ልክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኳ የክኒን ሰዓቷን ሊያስታውሳት ጮኸ። ፀጉር ሠሪዋ ልጅ በአንድ እጇ የደንበኛዋን ፀጉር እንደያዘች በሌላው አጠፋችው። የኤችአይቪ መድኃኒቷን መዋጥ ካቆመች አሥራ አንደኛ ቀኗ ነበር። አልፈራችም፣ አልቆጫትም፤ ሁሉም ነገር እንጨት እንጨት ብሏታል።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት መጥተው ማበጠሪያውን ከእጇ ወሰዱና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። "ሽርጥሽን ሳጥብ የመድኃኒትሽን ብልቃጥ ኪስሽ ውስጥ አግኝቼ ጓዳ አስቀምጬልሻለሁ። ሂጂ ዋጪና ነይ፣ የኔ ልጅ።"

"ሊያባርሩኝ ነው፣ እትዬ?"

"ምን ሆኜ! ደንበኛው ሁሉ አንቺን ብሎ ነው የሚመጣው፤ ታመሽ ብትተኚብኝ ማን ሊሠራ ነው?"

ጓዳ ገብታ ክኒኑን ዋጠች። ደስታም እንባም አልመጣላትም። ውሃው ብቻ ቀዝቅዞ ጉሮሮዋን ሲወርድ ታወቃት፤ በእነዚያ ሁሉ ቀናት አንድ ነገር ሲሰማት ያ የመጀመሪያው ነበር።