የባሕር ጎመን

«እትዬ፣ ሳፋው ውስጥ የዘፈዘፍኩትን አረንጓዴ ነገር ማን ወሰደው?»

«ጎመኑን ነው? እንዳይጠወልግብህ ብዬ በነጭ ሽንኩርት አቁላልቼ ሠራሁት።»

ተከራዩ ባዶውን ሳፋ አነሣ። ለመመረቂያ ጥናቱ ስንት ደጅ ጠንቶ ከጅቡቲ ያስመጣው የባሕር አረም ነበር። ጭማቂውን ከብር ማዕድን ጋር አዋህዶ ናኖ የሚሉትን፣ በዓይን የማይታይ ብናኝ ሊሠራበት ነበር።

«ምን ያደርግልሃል?» አሉ እትዬ አያልነሽ።

«ተባይ ያጠፋል፤ ባክቴሪያ ይገድላል። እንደሚሠራ ካላሳየሁ አልመረቅም እኮ!»

እትዬ አያልነሽ ወደ ሶፋው ዞር አሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለእንግዳ እንኳ ከዚያች ሶፋ ተነሥተው የማያውቁት ባለቤታቸው ጎመኑን ጨርሰው ሳህኑን በእንጀራ ይጠርጋሉ።

«አይሠራም ልጄ» አሉት፤ «በከንቱ አትድከም።»