የተደፈነው ቱቦ

ኢንጂነር ሄርሜላ የማይዝገውን ብረት አንድ በአንድ እያነሳች ማቅለጫው ምድጃ ውስጥ ትደረድራለች። ሸፊ በሩ ጋ ቆሟል። ዕቃውን ካስረከበ ቆይቷል፤ ግን ሠላሳ ዓመት ጉለሌ ውስጥ ቁርጥራጭ ብረት ሲነግድ ብረት ዱቄት ሲሆን አይቶ ስለማያውቅ እግሩ አልነሳ አለው።

«ቀልጦ በቀጭኑ ሲወርድ ጋዝ ይመታዋል» አለችው። «ያኔ ተበትኖ እንደ ጤፍ ዱቄት ይሆናል። ስሪዲ ማተሚያ ማሽኑ ዱቄቱን እያቀለጠ በስሱ እየደራረበ የፓምፕ መለዋወጫ ይሠራል። እስካሁን ከውጭ ነበር የምናስመጣው፤ ከተሳካልን ግን ከእርስዎ ግቢ ነው።»

«ወላሂ ዘመኑ ጉድ ነው!» ሸፊ ሳቀ። «እሳቱ አያስፈራሽም?»

«እሳቱስ ግዴለም። የሚያስፈራኝ ውሃ ነው። የተደፈነ ነገር ውስጥ ትንሽ እርጥበት ካለ እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ማናችንም አንተርፍም።»

የሸፊ ሳቅ ፊቱ ላይ ቀረ። ትናንት አንድ የሃንድሬል፣ የደረጃ መደገፊያ ቱቦ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ጠቅጥቆ፣ ግራና ቀኙን በመዶሻ ደፍኖታል። ሚዛን እንዲደፋለት ነው። ክፋት አስቦ እንኳ አይደለም፤ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ብረቱ ከሚዛን ከወረደ በኋላ የት እንደሚደርስ ጠይቆ አያውቅም።

ቱቦውን በዓይኑ ፈለገው። መሬት ላይ የለም። ምድጃው ውስጥ ነው።

ቢናገር ስሙ ከጳውሎስ እስከ እንጦጦ ድረስ መሳቂያ ይሆናል። አፈረ፤ ከሀፍረቱም ይልቅ ፈራ። ሄርሜላ እጇን ወደ ማብሪያው ዘረጋች።

«ተይው!»

ጮኾ እሱ ራሱ ደነገጠ። ቱቦውን ከምድጃው መዞ አወጣና የብረት መጋዝ አንስቶ ጫፉን ገዘገዘው። አሸዋው ወለሉ ላይ ዝርግፍ አለ፤ ገና እንደረጠበ ነው።

«እኔ ነኝ የሞላሁት፣ ለሚዛን ብዬ» አላት።

ሄርሜላ ጓንቷን አወለቀች። ብትሰድበው በወደደ፤ እሷ ግን ምድጃው ውስጥ የደረደረችውን ብረት አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ጋሽ ሸፊ፣ ሌላስ አለ?»

ሸፊ ለማስታወስ ሞከረ። ትናንት እየሠራ ከጎረቤት ጋር ሲያወራ ነበር። እጁ እንደ ልማዱ ሠርቷል፣ እሱ ግን ልብ አላለውም።

«አላውቅም፣ ልጄ» አለ።

የቀሩትን ቱቦዎች ከምድጃው አውጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቀጣዩን ቱቦ ጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ መገዝገዝ ጀመረ።